ስድስት ሳጥን፣ ሁለት ድምፅ

ጎበዝ፣ ይሄ “ሆም ቲያትር” የሚሉት ነገር እኛ አዳማ ስንቱን ሳሎን አጣበበው! ጎረቤቴ የዕቁቡን ብር አፍስሶ ስድስት ሳጥን ገዛ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት የሰርግ ድንኳን ይነቅላል፤ ሳጥኑን ሲያነሱት ግን ከባዶ ጆንያ አይከብድም።

“ጋሼ፣ ከኋላም ይዘፍናል እኮ!” አለኝ።

ማን ነው ከኋላ የሚዘፍነው? የማሕሙድ አሕመድ የድሮ ሸክላ ከግራና ቀኝ አያልፍም፤ ሲዲም ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ፊልም ከሆነ እሺ፣ ዲቪዲው ስድስቱን ይይዛል። ለዘፈን ስድስት የሚይዙት እንደ ፈረንጅ በ1999 እና በ2000 የወጡት ኤስኤሲዲና ዲቪዲ ኦዲዮ ናቸው፤ እኔ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ፈልጌ አንድ አላገኘሁም። እሱማ የሚያጫውተው በፍላሽ የተገለበጠ ኤምፒስሪ ነው! በዚያው ብር ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ ደህና አምፕሊፋየር ይገዛ ነበር።

የኋላዎቹ ሳጥኖች አሁን የአበባ ማስቀመጫ ሆነዋል። ዕቁቡን ግን ገና እየጣለ ነው።