ስለ አባ ሰንጋና ስለ ክፉ ሰው ተንኰል

በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከብታችንን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ እንዳመጣ ሹማምንት ሁሉ ከአባቶቻቸው የሰሙት ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው ዐውቆ በሽታን መሣሪያ ያደርጋል፤ በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ በደብዳቤ ታሽጎ የተላከ የአባ ሰንጋ ዘር 5 ሰው ገድሏል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችን በቢሾፍቱ ማስተማሩ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን በአቦምሳ አንድ በሬ ድንገት ወድቆ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ቢፈስ፥ በተንኰል ይሁን በአፈሩ ጠንቅ፥ አስቀድሞ የሚያየው እረኛው ነው እንጂ መምህሩ አይደለም። ስለዚህ ትምህርቱ እስከ እረኛው ይውረድ። በድኑን ማንም ቢላዋ አያስነካው (ሥጋው እንዲያጓጓ ዐውቃለሁ)፤ በጥልቅ ይቀበር፤ ለወረዳው ሐኪምም በዚያው ቀን ይነገር። ሹሙ ግን ከብት ሞተብኝ ብሎ የመጣውን ድኃ ይርዳው እንጂ አያስፈራራው፤ አለዚያ የሚመጣው ሰው ሥጋውን በሌሊት ለጎረቤቱ ያካፍላል።