ሰማንያ የሌለው ቤት

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለንደን የሚኖር አብሮ አደጌ ስልክ ደወለና «ጉዴ ፈላ! ቤቴ ከሰማንያ ወረደ» አለኝ፡፡ እኔ ደግሞ ትዳሩ የተናጋ መስሎኝ «ሽማግሌ ልላክ እንዴ?» አልኩት፡፡ ከት ብሎ ሳቀ፡፡ ነገሩን አስረድቶኝ ስልኩን ስንዘጋ ግን ሳቁ እኔንም ለቀቀኝ፡፡ ተነሥቼ የራሴን የሊዝ ውል ከሣጥን ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እንግሊዝ አገር አፓርታማ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ቤት ሳይሆን ዘመን ነው፡፡ መሬቱና ሕንፃው የባለርስቱ ነው፡፡ ገዢው በሊዝ ውሉ ላይ የተጻፈለትን 99 ወይም 125 ዓመት ይይዛል፡፡ ይህች ዘመን በየዓመቱ እየተሸረፈች ትሄዳለች፡፡ እሷ ባጠረች ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፤ ባንክም ለማበደር ፊቱን ያዞራል፡፡ ስለዚህ ብልህ የሆነ ሁሉ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ውሉን ያስረዝማል፡፡

ወዳጄ ግን ቤቱን ሲገዛ 84 ዓመት ነበረው፡፡ ዛሬ ነገ ሲል 79 ላይ ደረሰ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ከሆነ፣ ውሉ በመራዘሙ ከሚፈጠረው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹን ባለርስቱ ይወስዳል ይላል፡፡ እንግሊዞቹ ይህንን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? «የጋብቻ ዋጋ»! የባለርስቱና የሊዝ ባለይዞታው ጥቅም ሲጋቡ የሚወለድ ዋጋ ማለታቸው ነው፡፡ እኛ በሰማንያ እንጋባለን፣ እነሱ ከሰማንያ ሲወርዱ ይጋባሉ፡፡ በዚህም አላበቃም፤ የባለርስቱን የጠበቃና የገማች ወጪ የሚሸፍነው ውል አራዛሚው ነው፡፡ «የሚከራከረኝን ሰውዬ ጠበቃ የምቀልበው እኔ ነኝ» ብሎ ነው ወዳጄ ያማረረው፡፡

እውነቱን ነው፤ ግፍ ነው፡፡ የአገሩ ምክር ቤትም ግፍነቱን አምኗል፡፡ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 በጸደቀው ሕግ የጋብቻ ዋጋው እንዲሰረዝ፣ ማራዘሚያውም 990 ዓመት እንዲሆን ተወሰነ፡፡ ግን ወዳጄ በደወለልኝ ሰሞን እነዚህ ሁለቱ ገና ሥራ ላይ አልዋሉም ነበር፡፡ ባለርስቶቹም «ንብረታችን ተነካ» ብለው መንግሥትን ከሰሱ፡፡ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሳቸውን ውድቅ አደረገው፡፡

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፡፡ ይህ የሚያማርር ወዳጄ በእጁ ያለውን ነገር ልብ አላለውም፡፡ ያው የ1993 ሕግ ለአፓርታማ ባለይዞታ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥቶታል፡፡ «በውሌ ላይ 90 ዓመት ይጨመርልኝ» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ጥቂት ምክንያቶች በቀር ባለርስቱ እምቢ ማለት አይችልም፡፡ የሚከራከረው በዋጋው ላይ ብቻ ነው፡፡ ዋጋው የሚሰላበት መንገድ ደግሞ ሕጉ ላይ ሰፍሯል፡፡ ካልተስማሙ የሚወስነው ባለርስቱ ሳይሆን ገለልተኛ ችሎት ነው፡፡ ውሉ ከተራዘመ በኋላ ዓመታዊው የመሬት ኪራይ በሕጉ ቋንቋ «አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ» ይሆናል፤ ምንም ማለት ነው፡፡

ያ ሕግ የጸደቀው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1985 ነበር፡፡ አምስት ወር ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1986፣ የሽግግር መንግሥቱ የመጀመሪያውን የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80ን አወጣ፡፡ ሊዝ የሚባለው ቃል ወደ ቤታችን የገባው ያኔ ነው፡፡ ቃሉን ተቀበልን፤ መብቱ ግን ከቃሉ ጋር አብሮ አልመጣም!

የከተማ ቦታ ከሐምሌ 1967 አዋጅ ጀምሮ ባለርስቱ አንድ ነው፤ መንግሥት፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60፣ ለኢንዱስትሪ 70 ዓመት ደነገገ፡፡ ዘመኑ ሲያልቅስ? «ሊታደስ ይችላል» አለ፡፡ እንግዲህ የእኔ ጠብ ከዚህች «ይችላል» ከምትባል ቃል ጋር ነው፡፡ የሚችል ላይችልም ይችላልና! ባለይዞታው ዘመኑ ከማለቁ ከ10 እስከ 2 ዓመት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያመልክት አለ፡፡ ከታደሰም በዚያን ጊዜ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው፡፡ ካልታደሰ ካሣ የለም፡፡ የመነሻ ዋጋውን የሚተምነው ማን ነው? ያው አስተዳደሩ፡፡ ባለርስቱም፣ ዋጋ ተማኙም፣ እምቢ ባዩም አንድ ሲሆን ተከራካሪው ከማን ጋር ነው የሚከራከረው?

«99 ዓመት ሩቅ ነው፤ ምን አስቸኮለህ?» የሚሉኝ አይጠፉም፡፡ ለመሆኑ 60 ዓመትስ ሩቅ ነው? በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለንግድ ቦታ ተመርቶ ሕንፃ ያቆመ ሰው ከዘመኑ ሃያ ስምንት ዓመት ያህሉን በልቶታል፡፡ ሕንፃውን ለልጁ ሲያወርስ የሚያወርሰው ድንጋዩን ነው ወይስ ማመልከቻውን? ነገ ይታደስልኝ አይታደስልኝ የማያውቅ ሰው ፎቁን አያድስም፤ ቧንቧውም ቢያፈስ ቸል ይላል፡፡ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይኼ ነው፡፡

መንግሥት መሬቱን ይሽጥ አላልኩም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፡፡ የምጠይቀው ትንሽ ነው፡፡ «ሊታደስ ይችላል» የሚለው «ይታደሳል» ይሁን፤ የሚከለከልበት ምክንያት ካለ በሕግ ተዘርዝሮ ይጻፍ፡፡ የማደሻው ዋጋ ስሌት ውሉ በሚፈረምበት ቀን ይታወቅ፡፡ ክርክር ሲነሣ ከአስተዳደሩ ውጪ የሆነ ችሎት ይየው፡፡ እድሳት ከተከለከለም ባለይዞታው በላቡ ላቆመው ቤት ካሣ ይከፈለው፡፡ የሊዝ አዋጅ በተሻሻለ ወይም በተተካ ቁጥር የምንለካው በእነዚህ አራቱ ነው፡፡

ወዳጄ በኋላ ተሳካለት፡፡ ከፍሎ፣ አማርሮ፣ ባለርስቱን ረግሞ በ79ኙ ላይ 90 ተጨመረለት፡፡ እየተበዘበዘም ቢሆን የሚበዘብዘው ሰው «ውጣ» ሊለው አይችልም፡፡ እኔ ደግሞ ውሌን ከሣጥን አውጥቼ ሁለቴ አነበብኩት፤ ማኅተምም ፊርማም አለው፡፡ የሌለው ሰማንያ ነው፡፡ ሰማንያ የሌላት ሚስት ደግሞ ምን ያህል ዓመት ጎጆ ብታሞቅ፣ ባል የተነሣበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ ነው የምትወጣው፡፡

ሰማንያችንን ጻፉልን!