ሰርጉ ሲሰናከል ማን ይሳቅ?

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ባሉት ሳምንታት አዲስ አበባ በሙሽራ መኪና ጥሩምባ ትናወጣለች። አዝመራው ገብቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጾሙ ሳይደርስ የሚገኝ ጊዜ በመሆኑ ጥር ከድሮም የሰርግ ወር ነው። ይህ ሁሉ ሰርግ በጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ሲታጨቅ የአንዱ ነገር መሰናከሉ አይቀርም። መንገድ ተዘጋግቶ ሙሽሮቹ ሁለት ሰዓት ዘግይተው አዳራሽ ይደርሳሉ። መብራት ይጠፋና ጄኔሬተሩ አልነሳ ይላል። ለአምስት መቶ ሰው የተደገሰው ላይ ሰባት መቶ ይመጣና ወጡ ያልቃል።

ያኔ ወደ ሙሽሪት ጆሮ ቶሎ የሚደርሰው ቃል “ተይው፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ነገ ትስቂበታለሽ” የሚለው ነው። ምክሩ ከቅን ልብ እንደሚመጣ አልጠራጠርም፤ እውነትም አለው። የሚያሳስበኝ ማን ምን እንደደረሰበት ሳይታይ ለሁሉም እኩል መታደሉ ነው።

አስቀድሞ የምክሩን እውነት ላንሳ። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነበር። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ሲቃረብ፣ መጋቢት 30 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሰው ሰብስቦ መደገስም ቀረ። አዳራሽ ይዘው፣ ካርድ በትነው ከነበሩት ጥንዶች ብዙዎቹ ቀን ሲያራዝሙ ሌሎቹ ወላጆቻቸውንና አንድ ሁለት ሚዜ ይዘው ሳሎን ውስጥ ተጋቡ። ከእነሱ መካከል ያን ቀን ዛሬም በስስት የሚያነሱ አሉ፤ ይህም ራስን ማጽናኛ ብቻ አይደለም። የአዳራሽ ሰርግ ሙሽሮችን መድረክ ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለዕይታ ያውላቸዋል፤ ፎቶ፣ ኬክ ቆረሳ፣ ልብስ ቅየራ፣ እንደገና ፎቶ። እንግዳው ሲጠግብ እነሱ የሚጎራረሱት ለካሜራ ነው። ሳሎን ውስጥ ግን ከአባትና ከእናት ጋር አንድ ገበታ ከበው በሉ። ዕቅዱ ሲፈርስ ያገኙት፣ ዕቅዱ ራሱ ሊነጥቃቸው የነበረውን ነው።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ዲጄው ዝም ሲል አንዲት አክስት ማጨብጨብ ትጀምራለች፤ ከበሮ ከየትም ተፈልጎ ይመጣል፤ እስከዚያ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ወጣት ተቀባይ ይሆናል። የአገራችን የሰርግ ዘፈን በአውጪና በተቀባይ፣ በጭብጨባና በእልልታ የቆመ ነው። ከዲጄና ከድምፅ ማጉያ በፊት ለስንት ትውልድ ተዘፍኗል።

በሌላ በኩል “ነገ ትስቂበታለሽ” የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በልተው የሚሄዱት ናቸው። እኛ ዘንድ ሰርግ የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደጋሽ ቤተሰብ ስም ነው። ለዓመታት እቁብ የጣለች፣ በየሰው ድግስ ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረች እናት ተራዋ ደርሶ “ወጥ አለቀ” የሚል ሹክሹክታ ከጓዳ ስትሰማ የሚውጣት ኀፍረት ከቬሎ መቀደድ ጋር አይወዳደርም። ልጅቷ ልትስቅ ትችል ይሆናል። እናት ግን እነዚያን እንግዶች ነገ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በለቅሶ ቤት ታገኛቸዋለች።

ከዚህም ሌላ ዕድልና ቸልተኝነት አንድ አይደሉም። “ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ያውቃል። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ የማንም ጥፋት አይደለም። ቀብድ ተቀብሎ የቀረ ቪዲዮ ቀራጭ ግን ተጠያቂ ነው፤ ሙሽሮቹ በዕለቱ መሳቃቸው ገንዘባቸውን ከመጠየቅ ሊያግዳቸው አይገባም። ጨርሶ የማይሳቅበትም አለ። ዋሽንግተን አካባቢ በሚደረግ ሰርግ ቪዛ ተከልክላ የቀረች እናት በቪዲዮ ጥሪ ትመርቃለች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ምርቃቷ ሳይሰማ ይቀራል። ይህን ከውጭ ሆኖ “ውብ ትዝታ” ብሎ መሰየም ጭካኔ ይመስለኛል። ሙሽሮቹ ራሳቸው እንዲያ ካሉት ሌላ ነገር ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁራን አንድሩ ፍራንሲስና ሁጎ ሚያሎን አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ስለ ትዳራቸው ጠይቀው ነበር። ብዙ ወጪ የወጣባቸው ሰርጎች ከፍቺ ጋር ሲያያዙ፣ ብዙ ሰው የታደመባቸው ግን በተቃራኒው ትዳሩ ከመጽናት ጋር ተያይዘው ተገኙ። አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት አይደለም፤ አገሩም ሌላ ነው። ግን “ሳቂ” የሚለውም የማይለውም ወገን የሚያገኘው ነገር አለ፦ ዲኮሩ ቢጎድል ትዳር አይጎድልም፤ ሰው ሲጎድል ግን የጎደለው ትንሽ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ለተበላሸ ሰርግ ደስታ የሚሰጠው የሙሽሪት ጠባይ ሳይሆን በዙሪያዋ ያለው ሰው ነው። በዳስ ሰርግ ወጥ ቢያልቅ ጎረቤት ከየቤቱ እንጀራ ይዞ ይደርስ ነበር። አዳራሹ ሰዓት የተቆረጠለት፣ ምግቡም በሰው ቁጥር የታዘዘ ነው፤ ዘመድ ልርዳ ቢል ጓዳ የሚያስገባው የለም። ይህን ስል ያን ዘመን ማሞገሴ አይደለም። የዳሱ ድግስ በሴቶች ጀርባ ላይ የቆመ ነበር፤ ሌሊቱን በጭስ ሲጨናበሱ አድረው ሰርጉን ሳያዩት የቀሩ ብዙ ናቸው። አዳራሹ እነሱን አሳርፏል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ሙሽሪትን “ሳቂ” ከማለት በፊት ችግሩን የሚሸከምላት ሰው ይኑር። ከሚዜዎቹ አንዱ ጥቂት ገንዘብና የመወሰን ሥልጣን ይዞ ከመድረኩ ራቅ ብሎ ቢቆም፣ ምግብ ሲያልቅ እናትም ሙሽሪትም ሳይሰሙ ነገሩ ይፈታ ይሆናል። ከሰሙና ካለቀሱም ያልቅሱ፤ አንዷ ሚዜ አጠገባቸው ትቀመጥ፤ ሌላው ሚዜ መኪናውን አስነስቶ እንጀራ ፍለጋ ይውጣ።