የኪስ ቴፕ ጥቅሙና ጕዳቱ

ቢላዋ በባለሙያ እጅ ሽንኩርት ይከትፋል፤ በሕፃን እጅ ግን ጣት ይቈርጣል። የሰው ልጅ ያበጀው መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ጠቃሚ ወይም ጐጂ የሚያደርገው የያዘው ሰው ጠባይ ነው። እኔም ዛሬ በመጽሔታችን ላይ አስተያየቴን ልጽፍበት የተነሣሁት ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጉዳዩም በወገብ ታስሮ ወይም በኪስ ተይዞ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማው ትንሹ የካሴት ማጫወቻ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ዘፈን የሚሰሙት በስልካቸው ስለ ሆነ እኔ ይህን አሮጌ ዕቃ ይዤ ስመጣ «ከየት ቈፍረህ አወጣኸው?» እያሉ ይሥቁብኛል። ሣቃቸው አያስከፋኝም፤ ነገር ግን መልስ ሳልሰጣቸው ከዚህ ትምህርት ቤት ልወጣ አልፈልግም።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት ልበል። ካሴት የተባለው ትንሽ የክር ሣጥን በ1963 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወጣ። የክሩ ወርድ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአንድ ሰከንድ የሚጓዘውም 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ሲጫወት፣ ከ85 ሜትር የሚበልጥ ክር በመሣሪያው ራስ ፊት ያልፋል ማለት ነው። ይህን ስሌት እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.፣ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ዎክማን የተባለውን የኪስ ማጫወቻ በ33,000 የን ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ድምፅም አይቀዳም። ስለዚህ ከኩባንያው ሰዎች መካከል «የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል?» ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የተሠሩት 30,000 መሣሪያዎች ሁለት ወር ሳይሞላ ተሸጠው አለቁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኩባንያው ሊቀ መንበር አኪዮ ሞሪታ እንደ ተረኩት፣ መሣሪያውን ወደ ቤታቸው ወስደው ሲሞክሩ ባለቤታቸው ከጨዋታው ውጭ በመቅረታቸው ቅር ተሰኙ። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲሰሙበት ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ተደረገለት። ደግሞም ሰዎቹ መነጋገር ሲፈልጉ ዘፈኑን ዝቅ የሚያደርግ ብርቱካን ቀለም ያለው ቍልፍ ነበረው። ኋላ ግን ሰው ሁሉ ብቻውን መስማት ስለ ወደደ፣ በተከታዮቹ ዓመታት ከወጡት አብዛኞቹ ላይ የተገኘው አንድ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስለዚያች ስለ ጠፋችው ሁለተኛ ቀዳዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአገራችንም ካሴት ሸክላን ተክቶ ለብዙ ዘመን የዘፈን ጌታ ሆኖ ኖሮአል። ዘፋኝ አዲስ ሥራ ሲያቀርብ «ካሴት አወጣ» ይባል ነበር። ካሴት ከዚህም ሌላ ውለታ ነበረው። ልጁ ባሕር ማዶ የሄደበት፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅ ለደብዳቤ ጸሓፊ ሳይለምን፣ በገዛ አንደበቱ የተናገረውን በካሴት አስቀርቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር።

እኔ የያዝሁትን ማጫወቻ የሰጡኝ አጎቴ ናቸው። እርሳቸው በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት በሄዱ ጊዜ ከአንድ ተማሪ ገዝተውት ነበር። ስሙ ተፍቆ ጠፍቶአል፤ የማዳመጫ ቀዳዳውም አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከአምስት ካሴቶች ጋር ሲሰጡኝ «ዕወቅበት» ብቻ አሉኝ።

እንግዲህ ስለ ችግሩ በሐቅ ልናገር። አንደኛው ችግር ድንጋይ ነው። የቁርስ ገንዘቤን አጠራቅሜ የገዛሁት ድንጋይ ሲደክም ዘፈኑ ይጐተታል፤ ሴቲቱ ዘፋኝ እንደ ሽማግሌ ማጕረምረም ትጀምራለች። ያን ጊዜ ድንጋዩን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና መልሶ ይሞታል። ድንጋዩን ለመቈጠብ ስል ካሴቱን የምጠቀልለው በእጄ ነው። ስድስት ማዕዘን ያለው እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ ልክ ስለሚገባ፣ ያን እንደ እንዝርት እያሾርሁ ክሩን እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር የተፈለገውን ዘፈን ማግኘት ነው። በስልክ አንድ ጊዜ በጣት መንካት ይበቃል፤ በካሴት ግን ወደ ፊት ሲሉት አልፎ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ሌላው ዘፈን መካከል ይገባል። ሦስተኛው ችግር ጥገና ነው። በውስጡ ያለው ቀጭን ላስቲክ ከዕድሜ ብዛት ላልቶ ስለ ነበር፣ በልኩ የሚገኝ ምትክ ፍለጋ መርካቶን ሦስት ቅዳሜ ዞሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ከተጣለ ቴፕ አውጥተው ሲገጥሙልኝ «ልጄ፣ ይህን የሚጠግን ሰው ከላስቲኩ በፊት ያልቃል» አሉኝ። አራተኛውና ክፉው ችግር ግን መሣሪያው ክር መብላቱ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ጥቅሙስ? አንደኛ፣ ማታ ሳጠና ቤተ ሰቡን ሳልቀሰቅስ በቀስታ እሰማለሁ። ሁለተኛ፣ በመካከል ስልክ አይደወልበትም፤ መልእክት አይመጣበትም፤ ማስታወቂያም አያቋርጠውም። ሦስተኛና ዋናው፣ መዝለል አስቸጋሪ ስለ ሆነ ካሴቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሰማለሁ። ከዚህ የተነሣ መጀመሪያ ያልወደድሁትን ዘፈን በአራተኛው ቀን ወድጄዋለሁ፤ በስልክ ቢሆን ኖሮ በአሥረኛው ሰከንድ አልፌው በሄድሁ ነበር። አምስት ካሴት ብቻ ያለው ሰው አምስቱን ያውቃቸዋል።

በዚህ ላይ የሚቃወሙኝ አሉ። «በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ኤምፒ3 ማጫወቻ 32 ሜጋባይት፣ ይኸውም የግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈን ይይዝ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፖድ 1,000 ዘፈን ያዘ፤ ዛሬ ደግሞ ቍጥር የለውም። ታዲያ ወደ ኋላ መመለስ ምን ይባላል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ወደ ኋላ እንመለስ አላልሁም። የምለው ግን የመያዣው መብዛትና የመስማት መብዛት አንድ አይደሉም ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ጕዳቱንም አልሸሽግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍ ባለ ድምፅ ከመስማት የተነሣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች የመስማት ኀይላቸውን ለማጣት እንደሚያሰጋቸው ተናግሮአል። ለአዋቂ ሰው የፈቀደው ልክም በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በብዙ ያንሳል። ደግሞ ጆሮውን ደፍኖ አስፋልት የሚያቋርጥ ተማሪ የመኪና ጥሩንባ አይሰማም። በእኔ ላይ የደረሰው ጕዳት ግን ከእነዚህም ሁሉ ሌላ ነው፤ ጥፋተኛውም መሣሪያው ሳይሆን እኔ ነኝ።

አጎቴ ከሰጡኝ ካሴቶች በአንደኛው ላይ በእርሳስ «የአባባ ድምፅ» የሚል ተጽፎአል። አባባ የምለው ወንድ አያቴን ነው። በ1979 ዓ.ም. በጎረቤት ቴፕ ላይ ተናግረው ለአጎቴ ወደ ባሕር ማዶ የላኩት ቃል ነበር። አባባ በ1981 ዓ.ም. አረፉ፤ አጎቴ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ስለ ነበር አልተገናኙም። እኔም አባባን አላውቃቸውም። ከእርሳቸው የቀረን ድምፅ ይህ ብቻ ነው።

እኔ ግን ይህን ካሴት የሰማሁት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ረዳቶች ይጮኻሉ፤ መኪና ያንቋርራል፤ እኔም ሌላ ሌላ ነገር አስባለሁ። አንድ የጐረነነ ድምፅ ስለ ብርድና ስለ ላም ሲናገር ሰማሁ እንጂ ምን እንዳለ ልብ አላልሁም። ወደ ቤት ስመለስ ሴት አያቴ እማማ ደጅ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ምንድን ነው እንዲህ የምትሰማው?» አሉኝ።

«የአባባን ድምፅ ነው እማማ፤ ቆዩ፣ ልጨርስ» አልሁና ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳላወጣ አለፍሁ።

እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ ለእኔ ይሁን ለምስሩ ሳይታወቅ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉ።

ያን ጊዜ ድንጋዩ ደክሞ ኖሮ የአባባ ድምፅ ይወፍር፣ ይጐተት ጀመር። መዝጋት ሲገባኝ ትንሽ ይሂድ ብዬ ተውሁት። ወዲያው ቀጥ አለ። ብከፍተው ክሩ በጎማው ጥቅልል ላይ ተጠምጥሞአል፤ በችኰላ ብስበው ተጨማደደና ተበጠሰ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የዘፈን ካሴት ቢሆን ሌላ ቅጂ ከሆነ ቦታ ይገኛል፤ የአባባ ግን ከየት ይገኛል?

በማግሥቱ የካሴቱን አምስት ብሎኖች ፈትቼ የተበላሸውን ክር በምላጭ ቈረጥሁና ጫፍና ጫፉን በስስ ፕላስተር ገጠምሁ። የጣልሁትን ክር በማስመሪያ ብለካው 14 ሳንቲ ሜትር ሆነ። 14 ለ4.76 ሲካፈል ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። የአባባን ሦስት ሰከንድ አጠፋሁ ማለት ነው።

አዲስ ድንጋይ ገዝቼ እማማ ዘንድ ሄድሁ፤ ጥፋቴንም ነገርኋቸው። የዛሬው የስልክ ማዳመጫ መሰኪያ 3.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአሮጌው መሣሪያ ላይ ስለሚገባ፣ አንዱን በእርሳቸው ጆሮ ከሻሻቸው ሥር፣ ሌላውን በእኔ ጆሮ አደረግሁ። አባባ «ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትህ» ብለው ጀመሩ። እማማ አንገታቸውን ደፍተው አልተንቀሳቀሱም። «ብርዱን ተጠንቀቅ» ከሚለው በኋላ የተቈረጠው ቦታ ጠቅ ብሎ አለፈ። እማማ ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ‹እናትህ ደብዳቤህ በመጣ ቍጥር ታለቅሳለች› ብለው ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ውሸታቸውን ነው፤ አላለቅስም ነበር» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እነሆ፣ መሣሪያዬ የበላውን ሦስት ሰከንድ እማማ ለሠላሳ ዓመት በላይ በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። እኔ ግን በጆሮዬ ላይ ሳለ እንኳ አልሰማሁትም።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። የኪስ ቴፕ ችግሩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ችግሩ ራሱ ጥንቃቄንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ጥቅሙም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛዋን ቀዳዳ የዘጋ ሰው ከጥቅሙ ግማሹን ጥሎአል። ይህም ለካሴት ብቻ ሳይሆን ጓደኞቼ ለሚይዙት ስልክም እውነት ነው። በቤታችሁ ማዳመጫ በጆሮአችሁ አድርጋችሁ ስታልፉ «ምን ትሰማለህ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ አንዱን አውጥታችሁ ስጡት።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በብዙዎቻችን ቤት በሣጥንና በአልጋ ሥር የቤተ ሰብ ድምፅ ያለባቸው ካሴቶች ይኖራሉ። ክሩ ያረጃል፤ ማጫወቻውም የሚያድሰውም ሰው እያነሰ ነው፤ ሶኒ እንኳ በጃፓን የካሴት ዎክማን መሥራት በ2010 እ.ኤ.አ. አቁሞአል። እንግዲህ የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ አንድ ደኅና ቴፕ አዘጋጅቶ፣ ተማሪዎች የሚያመጡትን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ቢገለብጥልን ወጪው ጥቂት፣ ውለታው ግን ታላቅ ይሆናል። እኔም ማጫወቻዬን፣ እስክሪብቶዬንና ክር መቀጠል የተማረ እጄን ለክበቡ ለማዋስ ዝግጁ ነኝ። ማንም ሌላ ተማሪ ሦስት ሰከንዱን በማስመሪያ እንዲለካ አልመኝም።