ለቀብር የምናዋጣ ለንባብም እናዋጣ

በጅቡቲ ከተማ በአምቡሊና በአካባቢዋ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖች፣

ከላይ አገር ወደ ጅቡቲ የማይወርድ ምን አለ? የአወዳይ ጫት በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የዚህችን ከተማ ቤቶች ያበራል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከአዲጋላ የተቀዳ ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ እዚህ ይጠጣል። ወደ ላይም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አገራችን ከባሕር ማዶ ከምታስገባውና ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ በዚህ ወደብ ያልፋል። ጫቱ፣ መብራቱና ውሃው የለመዱትን መንገድ መጽሐፍ ብቻ ለምን ይሳተው?

ድሮስ ቢሆን መስመሩ ለመጽሐፍ ሰው እንግዳ አልነበረም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በድሬዳዋ ጉምሩክ ከተሾሙት ነጋድራሶች መካከል ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይገኙበታል። አንዱ ስለ ምጣኔ ሀብት በጻፉት፣ ሌላው በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ በማበርከታቸው ዛሬም ስማቸው ይነሳል። ቀን ቀረጥ ሲቆጣጠሩ የዋሉ ሰዎች ብዕራቸውን አልጣሉም። በወደቡ፣ በትራንዚቱ፣ በሱቁና በሰው ቤት ሠርተን የምናድር እኛስ ከመጽሐፍ የሚያርቀን ምንድን ነው?

ስለዚህ ጥሪው አጭር ነው። አምቡሊ ላይ በራሳችን መዋጮ የሚቆም፣ ለማንም በነፃ የሚከፈት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንጀምር። በአንድ ክፍል፣ ዘንድሮ፣ የማንንም ዕርዳታ ሳንጠብቅ።

ማን ይፈልገዋል የሚል ካለ ዙሪያውን ይመልከት። እዚሁ ተወልዶ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ አለ፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ፊደሉን ግን አይለይም። አያቱ ደብዳቤ ቢልኩለት የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ስድስት ቀን በሰው ቤት ሠርታ አርብ የምታርፍ እህት አለች፤ ያቺን አንድ ቀን የምታሳልፍበት ነፋሻና ሰላማዊ ቦታ፣ የፈረንሳይኛ መማሪያና የሥራ ውሏን የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል። ፒኬ 12 ላይ ጭነት ሲጠብቅ መኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ የሚተኛ ሾፌር አለ። ሥራ ሲፈልግ የሚውል፣ ሲቪ መጻፍና ኮምፒውተር መልመድ የሚሻ ወጣት አለ። ሶማልኛና አፋርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን ልጆችም የቤት ሥራ የሚሠሩበት ጠረጴዛና የሚያጠኑበት መብራት ይሻሉ።

«እንዴት እናስተዳድረዋለን?» የሚለው ጥያቄ ግን እኛን ሊያስፈራን አይገባም፤ መልሱን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እድራችንን ተመልከቱ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥለታል። መዋጮው በየወሩ ይሰበሰባል፤ የዘገየ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይገባል፤ ብርጭቆ የሰበረ ይተካል። ማንም ሰው ድንኳኑን የኔ ነው ብሎ ቤቱ አያስቀረውም፤ ሁሉም ግን የኔ ነው ብሎ ይጠብቀዋል። ቤተ መጻሕፍት ማለት በሳህኑ ቦታ መጽሐፍ የገባበት እድር ነው። ያለ ማንም አስተማሪ ይህን ሥርዓት የዘረጋ ሕዝብ መጽሐፍ አውሶ መመለስ አያቅተውም።

በአገራችን ጅምሩን ያሳዩን ሰዎችም አሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የሚያነቡት እንደሌላቸው አስተዋሉ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዘው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆይቶም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት የሚወስድ አገልግሎት ተጀመረ። ሕንፃ እስኪሠራ አልጠበቁም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ግዙፍ ነው፣ ውድ ነው፣ ደስ ይላል። ያም ሆኖ መደርደሪያውን ለመሙላት ሕዝቡ ከየቤቱ መጽሐፍ እንዲለግስ ተጠይቋል። ትልቁም ትንሹም የሚቆመው በሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ከዓለምም ሁለት ትምህርት እንውሰድ። በአሜሪካዊው ባለጸጋ በአንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ፤ ነገር ግን በባዶ እጁ የቀረበ ከተማ አላገኘም። ከተማው መሬቱን ይሰጣል፣ በየዓመቱም የሥጦታውን 10 በመቶ ለማስተዳደሪያ ይመድባል። ያለዚያ ገንዘቡ አይለቀቅም። በኮሎምቢያ ሜዴሊን ከተማ በድሆች ኮረብታ ላይ የተሠራውና ዓለም ያደነቀው የኢስፓኛ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፍቶ በ2015 በግንባታ ጉድለት ተዘጋ። መክፈት ቀላል ነው፤ ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው ሥራው። ስለዚህ መጀመሪያ የምንቆጥረው የመጽሐፉን ብዛት ሳይሆን በየወሩ የሚያዋጣውን ሰው ይሁን። 150 ሰው በወር 1,000 ፍራንክ ቢያዋጣ በወር 150,000፣ በዓመት 1,800,000 ፍራንክ ይሆናል። ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛው ሳይነካ ለጥገና ይቀመጥ፤ የቀረው ለኪራይ፣ ለመብራትና ለሠራተኛ ይሁን።

አሁን ወደ አምቡሊ መሬት እንውረድ፤ እቅድ ቦታውን ካላወቀ ወረቀት ብቻ ነው። ይህ ሰፈር ስሙን የሚጋራው ደረቅ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ዝናብ በጣለ ቀን ሰው ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 የደረሰው ጎርፍ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። እንግዲህ ክፍሉን ስንመርጥ ስለ ኪራዩ ከመነጋገራችን በፊት አሮጌ ነዋሪዎችን «ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ከፍ ያለ ወለል ወይም ሁለተኛ ፎቅ ይመረጥ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ ይበል፤ መዝገቡም በወረቀትና በኮምፒውተር በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ሁለተኛው ጠላት አየሩ ነው። የባሕሩ ጨውና እርጥበት ብረቱን ያዝጋል፣ ወረቀቱን ያሻግታል፤ በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መደርደሪያው ከግድግዳ ይራቅ፣ አየር ይዙርበት፣ አቧራው በየቀኑ ይጠረግ። መጻሕፍት ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ይሸሹ። ሙቀቱ ሰዓታችንንም ይወስነው፦ ሰው በሚተኛበት ቀትር ዘግተን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንክፈት፤ አርብ ግን ከጠዋት ጀምሮ። የሠራተኛውን የዕረፍት ቀን ዘግቶ የሚያሳልፍ ቤተ መጻሕፍት ለማን ተከፈተ?

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር የጅቡቲው ደራሲ አብዱራህማን ዋበሪ ከጻፏቸው ጋር ጎረቤት ይሁን። የዩኔስኮና የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ በመጨረሻ የታደሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ አገልግሎቱ በመሠረቱ ነፃና ዜግነት፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ የማይለይ እንዲሆን ይላል። እኛ እንግዶች በመሆናችን ይህን ከማንም በላይ እናከብረዋለን፤ በር ስንከፍት ለአስተናጋጆቻችንም እንክፈት። ሥራውን ሳንጀምር በአገሩ ሕግ መመዝገብ፣ የሰፈሩን አስተዳደር ማማከር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ከፈረንሳይ የባህል ተቋም ሙያ መጠየቅ ይገባናል። ፈቃድ የሌለው በጎ ሥራ በአንድ ቅሬታ ይዘጋል።

«ስልክ ባለበት ዘመን ማን መጽሐፍ ይፈልጋል?» የሚሉ አይጠፉም። ልክ ነው፣ ስልኩ አለ፤ ስለዚህ ስልኩንም እናስገባው። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ዊኪፔዲያን በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ብቻ፣ በክፍሉ ላለ ሰው ሁሉ ያደርሳል። የመጻሕፍቱን መዝገብ ለመያዝ ከኒውዚላንድ የተነሳው ኮሃ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የሄልሲንኪ ኦዲ ቤተ መጻሕፍት በሁለተኛ ፎቁ የልብስ ስፌት መኪናዎች አሉት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲታቀድም ነዋሪዎቹ ሐሳባቸውን ተጠይቀው ነበር። እኛም እናቶችንና እህቶችን እንጠይቅ፦ ምን ቢኖር ትመጣላችሁ? የምሽት ፊደል ትምህርት? የስፌት መኪና? ቅጽ የሚሞላ ሰው? መልሳቸው የመጀመሪያው እቅዳችን ይሁን።

«መንገደኞች ነን፣ ነገ እንሄዳለን» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ግን መንገደኛ የሆንን ሰዎች እድር አልመሠረትንም? እቁብ አልጣልንም? የሚሄድ ይሂድ፤ መዝገቡ ለሚመጣው ይቆየው። እኛስ ስንመጣ ማን ተቀበለን? ቀድሞን የመጣ ሰው አይደለም?

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይከፈል።

የእድርና የማኅበር መሪዎች ሆይ፣ በሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ አጀንዳ አድርጉት፤ አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ ምረጡ፣ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ነጋዴዎች፣ ክፍል ያላችሁ አከራዩን፤ የሌላችሁ መደርደሪያ ስጡ። አናጺዎች፣ ብረት በያጆችና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ አንድ የዕረፍት ቀን ለግሱ።

ሾፌሮች ሆይ፣ ከሁሉ በላይ የእናንተ እጅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችሁ ጭነት ለመውሰድ ወደ ጅቡቲ ስትወርዱ ባዶ ወይም ግማሽ ጭነት ይዛችሁ ነው። ያ ባዶ ቦታ የመጻሕፍት ካርቶን ይያዝ። ጉምሩክ ላይ ሥጦታ መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ኮሚቴው ከመነሻው ያዘጋጅ፤ ሾፌር በሌላ ሰው ዕቃ እንዲጠየቅ አናደርግም። ለውለታችሁም ፒኬ 12 ላይ የንባብ ሣጥን ይቀመጥላችሁ፤ ሲወርዱ አንስቶ ሲመለሱ መተካት።

መምህራን፣ የካህናትና የሸሆች ልጆች፣ በፈረንሳይኛ የተማራችሁ ወጣቶች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለልጆች ፊደል አስቆጥሩ። ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ እናንተም ተቀመጡ፣ አንብቡ፤ ልጅ የሚከተለው የሚያየውን ነው። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ያላችሁ ቤተሰቦች፣ አንብባችሁ የጨረሳችሁትን ላኩ። የተቀደደና ማንም የማይፈልገው መጽሐፍ ግን አትላኩ፤ ቤተ መጻሕፍት የቆሻሻ መጣያ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲሞት ሁላችንም እንገኛለን። ድንኳኑ ይተከላል፣ መዋጮው በሰዓቱ ይገባል፣ ማንም ገንዘብ የለኝም አይልም። ሞትን እንዲህ በአንድነት የምንቀበል ሰዎች ሕይወት ላይ መበታተናችን ምክንያት የለውም። እስከሚመጣው ስብሰባ ድረስ እያንዳንዳችሁ አንድ መጽሐፍ ለዩ፣ 1,000 ፍራንክ አስቀምጡ፣ አንድ ጎረቤት አሳምኑ። በስብሰባው ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት መካከል ለመሆን የመጀመሪያውን እጅ ያወጣችሁ ደግሞ ሌሎቹ አብረዋችሁ እንደሚቆሙ እወቁ፤ እድሩንም የመሠረቱት እንዲያ ነበር።