ነጩን ብረት ከነጩ ወርቅ ማን ይለየው?

መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ አንድ ሻይ ቤት፣ ከላቦራቶሪያችን የተዋስናትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥ አስተናጋጁ ወርቅ ነጋዴዎች መስለነው ነበር። ወደዚያ ያመጡን ግን የአንድ የፋካልቲያችን ተማሪ አጎት ናቸው። በዚያን ዕለት ከክፍለ ሀገር የገቡት እኒህ ሰው፣ ውጭ አገር የምትኖር እኅታቸው የላከችላቸውን ነጭ የእጅ ሰዓት ሸጠው ለቤታቸው ቆርቆሮ ሊገዙ አስበዋል። ሰዓቱን ያሳዩአቸው ሰዎች ሦስት ዓይነት ፍርድ ሰጥተዋቸዋል። አንዱ «ነጭ ወርቅ ነው» አለ፤ ሌላው «ፕላቲነም ነው» አለ፤ ሦስተኛው ማግኔት አስጠግቶ አለመሳቡን ካየ በኋላ «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብረት አለመሆኑን ግን እምልልዎታለሁ» አላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ከሦስቱ ይልቅ የሚያሳስበን የሦስተኛው ፍርድ ነው። ሁለቱ በዓይናቸው ገምተው ተናገሩ፤ እሱ ግን ሙከራ አድርጎ፣ በሙከራው ተማምኖ ተሳሳተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሰዓት ቤት የሚሠራው የማይዝግ ብረት ክሮምየምና ኒኬል በብዛት የተቀላቀሉበት ነው። ይህ ቅይጥ የብረቱን ውስጣዊ አደራደር ስለሚለውጠው ማግኔት አይስበውም ቢባል ያስኬዳል። ስለዚህ ማግኔት ሳበ ማለት ወርቅ አይደለም ለማለት ሊረዳ ይችላል፤ አልሳበም ማለት ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ማግኔት ማስጠጋት የመካኒካል ሰዓትን አካሄድ ሊያዛባ ስለሚችል ሙከራው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።) የአሲዱም ጠብታ ከዚህ እምብዛም አይሻልም። ናይትሪክ አሲድ ፕላቲነምን አይነካም፤ ከፍተኛ ካራት ያለውን ወርቅም አይነካም፤ ችግሩ የማይዝግ ብረትም በደንብ ይቋቋመዋል።

ቀለምማ ጭራሽ አይታመንም። ነጭ ወርቅ የሚባለው ከመሬት ነጭ ሆኖ የሚወጣ አይደለም። ባለ 18 ካራቱ ከ1000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ የቀረው ፓላዲየም ወይም ኒኬልና ሌሎች ብረቶች ነው። ቅይጡ ጥቂት ቢጫነት ወይም ግራጫነት ስለሚቀረው ብዙውን ጊዜ በሮዲየም ይለበጣል። ዓይናችን የሚያየው እንግዲህ ወርቁን ሳይሆን ሮዲየሙን ነው። ልባጡ በጠርዝ በኩል ሲሳሳ ብቻ የውስጡ መልክ ብቅ ይላል። ፕላቲነም በአንጻሩ በራሱ ነጭ ነው፤ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ወለጋ ውስጥ ያለችው ዩብዶ ይህ ማዕድን ከወጣባት ብዙ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

ታላላቆቹ ሰዓት ሠሪዎችም ይህን መመሳሰል ስለሚያውቁ ምልክት ያደርጋሉ። በነጭ ወርቅ ላይ 750፣ በፕላቲነም ላይ 950 የሚል ማኅተም ይመታል። ፓቴክ ፊሊፕ በፕላቲነም ሰዓቶቹ ቤት ላይ፣ በስድስት ሰዓት በኩል ቅንጣት አልማዝ ይሰካል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኅተም የሚመታ እጅ ሁሉ የታመነ አይደለም፤ ምልክት ይቀዳል።

በቀላሉ የማይቀዳው እፍግታ ነው፤ ማለትም አንድ ቁስ በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የማይዝግ ብረት 8 ግራም ያህል ይመዝናል። ያንኑ የሚያህል ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅ ከ14 እስከ 16 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ለሰዓት የሚውለው ፕላቲነም ደግሞ ከ20 ግራም በላይ ነው። ልዩነቱ የጥቂት በመቶ አይደለም፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው! ይህን የሚሸፍን ቀለምም ሆነ ልባጥ የለም።

ይህ የተራ ሸማች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) አይተናል። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ጥፍጥፍ ወርቅ፣ ወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ በመገኘቱ ተመልሶ መጣ። ቅኔያችን ሰሙን ከላይ ወርቁን ከውስጥ ያኖራል፤ እዚያ ግን ወርቁ ከላይ፣ ሰሙ ከውስጥ ሆነ። በዓለም ገበያ የተለመደው ትልቁ ጥፍጥፍ 12.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በዚያው መጠን የተሠራ ብረት ግን 5 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ይህን ለመለየት ሚዛንና አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃ ነበር። ንጹሕ ወርቅን በእፍግታው ሊመስል የሚችል ተንግስተን የሚባል ብረት መኖሩን አንዘነጋም፤ ለእሱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ብረት ግን በዚህ ፈተና አያልፍም።

እኛን የሚቆጨን ታዲያ ይህ ነው፦ የአርኪሜዲስን ሕግና የንጉሥ ሂየሮንን ዘውድ ታሪክ ያልተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የለም። ቀመሩን ጽፎ ነጥብ ያገኝበታል። ነገር ግን የእናቱን ቀለበት ውኃ ውስጥ ሰቅሎ የመዘነ ስንት ነው? በብዙ ክፍሎች ስለ እፍግታ የሚሰጠው ምሳሌ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ የእንጨት ኩብ ነው። መልሱን ማንም በማያውቀው ነገር፣ ተማሪው ከቤቱ ባመጣው ቁልፍ፣ ሐብልና ሰዓት ቢጀመር ኖሮ ማግኔት ይዞ የሚምል ሰው ገበያው ውስጥ ባልበዛ ነበር እንላለን። ወርቅ ሻጮቻችንስ ከሚዛናቸው ጎን አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢያኖሩ ምን ይጎዳቸዋል?

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ሙሉውን ሰዓት መመዘን አይጠቅምም፤ በውስጡ አየር፣ መስተዋትና ጥርሶች አሉበት፤ ውኃም ሊገባው ይችላል። ስለዚህ የብረት ማሰሪያውን ብቻ በጥንቃቄ ፈታነው። ለብቻው 72 ግራም መዘነ። ቀጥለን ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስነው፤ ማሰሪያውንም በክር አንጠልጥለን የብርጭቆውን ግድግዳም ታችም ሳይነካ አጠለቅነው፤ በመጋጠሚያዎቹ መሐል የተያዘው አየር እስኪወጣ ነቀነቅነው። ሚዛኑ 9 ግራም አነበበ። ይህ የተገፋው ውኃ ክብደት ነው፤ አንድ ግራም ውኃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የማሰሪያው ይዘት 9 ነው። 72 ለ9 ሲካፈል 8። ነጭ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ማሰሪያው 135 ግራም አካባቢ፣ ፕላቲነም ቢሆን ከ180 ግራም በላይ በመዘነ ነበር።

«ታዲያ ብረት ነው በሉኛ!» አሉ አጎትየው።

ብረት መሆኑን፣ ብረት መሆኑ ግን ዋጋ ቢስ ነው ማለት እንዳልሆነ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኦዴማር ፒጌ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ሮያል ኦክ ብሎ ያወጣው የብረት ሰዓት ከብዙ የወርቅ ሰዓቶች የበለጠ ዋጋ ተቆርጦለት ነበር። የእሳቸው ሰዓት የእውነተኛ ፋብሪካ ሥራ መሆን አለመሆኑን የሚነግራቸው ጀርባውን የሚከፍት ሰዓት ሠሪ እንጂ የእኛ ብርጭቆ አይደለም። ጥቂት አሰቡና ማሰሪያውን በመሐረባቸው አደረቁት፤ የእኅታቸው ልጅ መልሶ አጠለቀላቸው። ቆርቆሮውን ከእህሉ ሽያጭ በኋላ እገዛለሁ ብለው የሻዩን ሒሳብ እኛ እንዳንከፍል ተከላከሉን፤ ከዚያም ሰዓታቸውን አይተው፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሃያ ደቂቃ እንደቀረው ነግረውን ወጡ።