አንድ ፊደል፣ ሁለት ፈቃድ

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሁሉ ከሌላው ጋር እንደ ልብ የሚቀላቀል የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይህ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት የራሳችንን ፊደል መመልከት ይበቃል።

በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነና ባልደረቦቹ ለቴክ የጽሑፍ ማዘጋጃ የሠሩት የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የወጣው በጂፒኤል ፈቃድ ነው፤ ኋላም ፍሪፎንት ወደተባለው የፊደላት ስብስብ ገባ። በሌላ በኩል የኤስአይኤል ድርጅት አቢሲኒካ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህም የጉግል ኖቶ ፊደላት የሚሠራጩት ኦኤፍኤል በተባለው ፈቃድ ነው። ሁለቱም ፈቃዶች መቅዳትን፣ ማሻሻልንና ማከፋፈልን ይፈቅዳሉ። ችግሩ ግን እያንዳንዳቸው ከእነርሱ የተወለደ ሥራ በእነርሱው ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ማስገደዳቸው ነው። አንዱን ያከበረ ሌላውን ይጥሳል።

ደቢያንን የመሳሰሉ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሁለቱን በየራሳቸው ጥቅል ጎን ለጎን ያቀርባሉ፤ ይህም የተፈቀደ ነው። በአንድ ፋይል ማዋሐድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጋሞ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት መዝግቧል። በኮልፌ ቀራንዮ የሚያስተምር አንድ መምህር እነዚህን ከኖቶ ወስዶ በፍሪፎንት ላይ ቢጨምር በራሱ ኮምፒዩተር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ለማከፋፈል ግን የባለመብቶቹን ተጨማሪ ፈቃድ ይሻል።

«ማን ይከሰናል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የክስ አይደለም። የሥርጭቱ አዘጋጆች የእያንዳንዱን ጥቅል ፈቃድ ስለሚመረምሩ እንዲህ ያለውን ሥራ አይቀበሉም፤ የመምህሩም ድካም በፍላሽ ዲስክ ላይ ይቀራል።

ፈቃድ ጨርሶ ያልተጻፈበት ሥራ ዕጣ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ስለዚህ ተማሪያችን ያለ ፈቃድ የለቀቀው የአማርኛ ፊደል መጻፊያ ወይም የቃላት ማረሚያ «ነጻ» አይደለም፤ እንዲያውም ሌላው ሊያሻሽለው የማይችል የታሰረ ሥራ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድን ሥራ በሁለት ፈቃድ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የሁሉም ደራሲዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ስምምነት ደራሲዎቹ በአንድ ላቦራቶሪ ሳሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ተመርቀው ከተበተኑ በኋላ ግን እያንዳንዳቸውን ማፈላለግ ይጠይቃል። በመሆኑም ፋኩልቲያችን ከእያንዳንዱ የመመረቂያ ፕሮግራም ጋር የፈቃድ ገጽ እንዲቀርብ ቢያስገድድ፣ የዛሬው ተማሪ የደከመበትን የነገው ተማሪ ከዜሮ አይጀምረውም።